ንስሐ ከተገባ በኋላ የዋስትናው ዕዳ የማን ነው?

ጦሳ ሥር (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ በየሰፈሩ የሚነሣ ጉዳይ ስለሆነ አንድ ቦታ ላይ እንነጋገርበት። የዘመድ ልጅ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሊቀጠር ዋስ አምጣ ይባላል። ወይም ጎረቤት ዕቁብ ይወጣለትና ዋስ ይጎድለዋል። "ፊርማ ብቻ እኮ ናት" ተብሎ ወረቀቱ ቡና ላይ ይመጣል፤ ሰው ፊት እምቢ ማለት ነውር ይመስላል፤ ሳይነበብ ይፈረማል። ዓመት ሳይሞላ ልጁ ይጠፋል፣ ደብዳቤው በዋሱ ስም ይደርሳል።

ከዚህ በኋላ ሁለት ዓይነት ሰው ይገጥመናል። አንዱ "ንስሐ ገብቻለሁ፣ አባቴም ፈተውኛል፣ እግዚአብሔር ይቅር ካለኝ ለምን እከፍላለሁ?" ይላል። ሌላው ከደመወዙ በተቆረጠ ቁጥር "ይቅር አላለኝም ማለት ነው" ብሎ ይተክዛል። ሁለቱም ይቅርታንና ሂሳብን አንድ አድርገው ያዩ ይመስለኛል። ዘኍልቁ 14ን ተመልከቱ። ሕዝቡ ወደ ግብፅ እንመለስ ብሎ አጉረመረመ፤ ሙሴ ማለደ፤ ቁጥር 20 ላይ እግዚአብሔር ይቅር አለ። ከዚያው ቀጥሎ ግን ያ ትውልድ ምድሪቱን እንደማያይ ተነገረው፤ ሰላዮቹ ለቆዩበት 40 ቀን 40 ዓመት። መናው አልተቋረጠባቸውም፣ ከነዓን ግን አልገቡም። ናታንም ለዳዊት በአንድ ትንፋሽ ኃጢአቱ እንደ ራቀለትና እንደማይሞት ነግሮ፣ ሕፃኑ እንደሚሞት ጨመረለት (2ኛ ሳሙ. 12፥13-14)።

የሕግ ሰዎችም፣ የዕቁብ ጸሐፊዎችም፣ የቤተ ክርስቲያን ልጆችም እዚህ አላችሁ። በተግባር እንዴት እንደሚሆን ጻፉልን።

ዘአይጠየፍ

ወንድማችን ጥሩ አነሣኸው። ስለ ንስሐው በኦርቶዶክሱ ሥርዓት ልጻፍ።

አብዛኛው የሚበላሸው ኑዛዜው ላይ ነው። ተነሳሒው ቁጭ ብሎ ስለ ጠፋው ልጅ ያወራል፤ ልጁ እንዴት እንደ ከዳ፣ እናቱ ምን እንዳለች። ያ ክስ ነው፣ ኑዛዜ አይደለም። የሚነገረው የራስ ድርሻ ነው፦ ሳላነብ ፈረምሁ፣ ሰው እንዳይቀየመኝ ፈርቼ እሺ አልሁ፣ ከባለቤቴ ደበቅሁ፣ ደብዳቤው ሲመጣ ዋሸሁ። ጉዳዩ ገንዘብ ያለበት ከሆነ ልኩና የተጎዳው ሰው መኖሩ መነገር አለበት፤ አለበለዚያ የንስሐ አባት በምን መዝነው ቀኖና ይሰጣሉ? ደግሞ ቀጠሮ ያዙ። ከቅዳሴ ሲወጡ በቀሚሳቸው ይዞ "አባ ይፍቱኝ፣ አንዲት ነገር ነበረችኝ" ማለት ለእንዲህ ያለ ጉዳይ አይሆንም።

ቀኖናው ጾም፣ ስግደት፣ ጸሎት፣ ምጽዋት ሊሆን ይችላል፤ እንደ ሰውየው አቅም ነው። እዚህ ላይ ሁለተኛው ስሕተት ይመጣል፤ ስግደቱን ጨርሶ "ከፈልሁ" ማለት። ስግደት ለዕቁብተኛው የጎደለበትን ብር አይመልስም። ሦስተኛው ከዚህ ይብሳል፤ ለባልንጀራው መመለስ ያለበትን ገንዘብ ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቶ መገላገል። ጌታ ማርቆስ 7፥11 ላይ የነቀፈው ይህን የመሰለውን ነው፤ ለወላጅ የሚገባውን "ቁርባን ነው" ብሎ መከልከል።

መመለስን በተመለከተ ዘኍልቁ 5፥6-7 ግልጽ ነው፦ ይናዘዝ፣ ዋናውን ይመልስ፣ አምስተኛ እጅ ይጨምር። ለምሳሌ የጎደለው 180,000 ብር ከሆነ አምስተኛው 36,000፣ ድምሩ 216,000 ማለት ነው። ይህ የተጻፈው ለበደለኛው ነው። በገዛ እጁ ገንዘብ ያልወሰደ ዋስ አምስተኛውን ጨምር አይባልም፤ ያጎደለው ልጅ ግን ንስሐ ሊገባ ሲመጣ ይህ ቁጥር ይጠብቀዋል።

ቀኖናው ሲፈጸም ወደ ንስሐ አባት ተመልሶ ፍትሐት መቀበልን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ከዚያ ነው ወደ ሥጋ ወደሙ መቅረብ፣ 18 ሰዓት ጾሞ።

ቦርከና ማዶ

ከኮምቦልቻ ነኝ፤ የወንጌላውያን አማኝ ነኝ፣ ስለዚህ ከዲያቆን ጋር ሁሉም ቦታ ላይ አንገናኝም። ዲያቆን ብዬ መገመቴ ከስምህ ነው 🙂

የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ቆላስይስ 2፥14 የዕዳችን ጽሕፈት በመስቀል እንደ ተጠረቀ ይናገራል። በቀኙ የተሰቀለው ወንበዴ አንድ ሳንቲም አልመለሰም፣ ግን በዚያው ቀን ገነት ገባ። ለተጨነቀ ሰው "ውጤቱ ይቀራል፣ ውጤቱ ይቀራል" ብንለው ክፍያውን የይቅርታው ዋጋ አድርጎ ይወስደዋል። በወር 4,000 ብር ለባንክ ሳይሆን ለእግዚአብሔር የሚከፍል ይመስለዋል።

መክፈሉን አልቃወምም። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ ነው የምለው። ጌታ ዘኬዎስን "ዛሬ በቤትህ መዋል ይገባኛል" ያለው ገና ምንም ሳይመልስ ነው። ግማሽ ሀብቱን ለድሆች፣ ለቀማው አራት እጥፍ ያለው በደስታ ነው፤ ተለምኖም ተገዶም አይደለም።

ዘአይጠየፍ

@ቦርከና ማዶ እዚህ ላይ አንጣላም። አራት እጥፉ ራሱ ከየት እንደ መጣ ስታይ ያስገርማል፤ ዘጸአት 22፥1 በግ ሰርቆ ላረደ ወይም ለሸጠ አራት፣ ለበሬ አምስት ይላል። ማለት ዘኬዎስ ራሱን የፈረደው በሌባ ሕግ ነው፤ ቀለል ባለው በአምስተኛ እጅ አይደለም። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ምሕረት እየገዛ አይደለም።

ችሎት አካባቢ

ጥቅሱን ለእናንተ ልተውና የወረቀቱን ላምጣ። ደብዳቤ የደረሰው ዋስ መጀመሪያ ማልቀስም መክፈልም የለበትም፤ የፈረመበትን ወረቀት ቅጂ ይጠይቅ። ከዚያ እነዚህን ይይ።

የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1725 ዋስትና በጽሑፍ ይሁን ይላል። ቁጥር 1922 ደግሞ ዋስትና በግልጽ መሰጠት እንዳለበትና የገንዘቡ ከፍተኛ ልክ ካልተጻፈ ውጤት እንደሌለው ይደነግጋል። "ለሚያጎድለው ሁሉ ኃላፊ ነኝ" የሚሉ የተባዙ ቅጾች አሉ፤ የገንዘቡ ልክ የለባቸውም። ይህ ትልቅ መከራከሪያ ነው። ቀጥሎ "የአንድነትና የነጠላ" የሚል ቃል መኖሩን ይፈልግ። ካለ በቁጥር 1933 መሠረት ጠያቂው፣ ማለት ገንዘቡ የሚከፈለው ወገን፣ ባለዕዳውን ሳይፈልግ ቀጥታ ዋሱን መክሰስ ይችላል። ከሌለ ዋሱ "መጀመሪያ የባለዕዳው ንብረት ይታይ" ማለት ይችላል።

ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ መኖር አለመኖሩ ይታይ፤ የቤተሰብ ሕጉ በጋራ ሀብት ላይ ለሚመጣ እንዲህ ላለ ግዴታ የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። መቃወሚያው የጊዜ ገደብ ስላለው "እስቲ ይቆይ" አያዋጣም።

በደመወዝ የሚከፈል ከሆነ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወር ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከአንድ ሦስተኛ አይበልጥም። 12,000 ብር ደመወዝ ያለው 4,000 ይቆረጥበታል። 180,000 ለመጨረስ 45 ወር ነው።

ሮቢት

ይቅርታ፣ ግን ሕጉ "ልኩ ስላልተጻፈ ፈራሽ ነው" ቢል ክርስቲያን ይህን ይዞ ሊከራከር ይገባል? ቃል ሰጥቷል እኮ። ገባዖናውያን ኢያሱን ያረጀ ስልቻና የሻገተ እንጀራ አሳይተው አታልለው ነው ያስማሉት፤ መሐላው ግን ጸና (ኢያሱ 9)። ሳኦል ያንን መሐላ ሲያፈርስ በዳዊት ዘመን 3 ዓመት ረኀብ መጣ (2ኛ ሳሙ. 21)።

ጦሳ ሥር

@ሮቢት የኢያሱ 9 ቁልፉ ቁጥር 14 ነው፤ ስንቃቸውን ቀመሱ፣ እግዚአብሔርን ግን አልጠየቁም። የችኮላ ምርጫ ማለት ይኸው ነው፤ ዳቦውን መርምረው ሰውን ሳይመረምሩ።

ግን ከዋስትና ጋር አንድ አታድርገው። ስለ ዋስትና መጽሐፉ ራሱ ሌላ ነገር ነው የሚለው። ምሳሌ 6፥1-5 ዋስ የሆነውን ሰው "በአፍህ ቃል ተጠመድህ" ካለ በኋላ ሂድ፣ ተዋረድ፣ ወዳጅህን ነዝንዝ፣ ለዓይንህ እንቅልፍ አትስጥ፣ እንደ ሚዳቋ ከአዳኝ እጅ ራስህን አድን ነው የሚለው። ውጣ ነው የሚለው። በተፈቀደ መንገድ መውጣት ክህደት አይደለም። እኔ የማልቀበለው ፊርማውን "የኔ አይደለም" ብሎ መካድ ነው። ቅጹ ጎዶሎ ነው ማለት አንድ ነገር ነው፣ እጄ አልፈረመም ማለት ሌላ።

የዕቁብ መዝገብ

ስለ ዕቁቡ ሰው የማያሰላው ነገር አለ። 40 አባላት፣ በሳምንት 2,000 ብር፣ የሚወጣው 80,000 እንበል። በ5ኛው ሳምንት ለወጣለት ሰው ዋስ የሆነ ሰው የሚጠየቀው 80,000 አይደለም፤ ቀሪ 35 ሳምንት በ2,000፣ 70,000 ነው። በ30ኛው ለወጣለት ከሆነ 20,000 ብቻ። ስለዚህ "ዋስ ሁነኝ" ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ "ስንተኛው ዕጣ ነው?" መሆን አለበት። ማንም አይጠይቅም፤ ሁሉም "ማን ነው የወጣለት?" ነው የሚለው።

ሌላም አለ። ዋሱ በየሳምንቱ ጸሐፊውን ይጠይቅ። ሁለት ሳምንት ሲዘል 4,000 ነው፤ ያኔ ሰውየው ገና ሰኞ ገበያ ይገኛል፣ ይመከራል፣ ይገሠጻል። ጸሐፊ በይሉኝታ ዝም ብሎ ስምንተኛው ሳምንት ላይ ለዋሱ ሲነግር ሰውየው ሰፈር ለቋል። ይሉኝታ የፈራሚው ብቻ አይደለችም።

እናት ዓለም ከቧንቧ ውሃ

ልጆቼ፣ ስለ ቤት ማንም አላነሣም። ባል የፈረመውን ሚስት ከደብዳቤ ነው የምትሰማው፤ ሚስት የፈረመችውን ባል ከጎረቤት። ጠቡ ከብሩ ይበልጣል። የተናዘዘ ሁሉ "ለአባቴ ነግሬያለሁ" ይላል። የንስሐ አባት ምሥጢር ጠባቂ ናቸው፣ ላንተ ብለው ቤትህ አይነግሩልህም፤ መንገሩ ያንተው ነው።

ሲነገርም ሙሉውን ነው። መጀመሪያ 50,000 ብሎ፣ ከሳምንት በኋላ "ሌላም አለ" ማለት ሁለት ጊዜ መዋሸት ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፣ ልኩን፣ ቀኑን፣ በወር ምን እንደሚቆረጥ፣ ከምን ላይ እንደሚቀነስ። ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ እንግዳ በሌለበት። ይቅርታ አድርጊልኝ ካሉ በኋላም "ግን አንቺም ብትሆኚ ትፈርሚ ነበር" አይጨመርበትም። እሷም ዛሬውኑ ይቅር ካላለች አትቸኩሏት።

ችሎት አካባቢ

እትዬ ያሉት በፍርድ ቤትም ይታያል። የተደበቀ ዋስትና ቤት የሚያፈርስበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሙጋድ

አሰላሙ ዓለይኩም፤ ሙስሊም ነኝ፣ ክሩ የናንተ ቢሆንም ጉዳዩ የሁላችን ነው። እኛ ዘንድም የአላህ ሐቅ በተውበት (በንስሐ) ይማራል፣ የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ ካልተወው ወይም ካልተከፈለው ይቆያል። ሸሂድ (በአላህ መንገድ የሞተ) እንኳ ዕዳው አይማርለትም የሚል ሐዲስ አለ።

በወሎ እንዲህ ያለው ነገር ወደ ሽምግልና ሲመጣ ቄሱም ሸኹም አንድ ምንጣፍ ላይ ነው የሚቀመጡት። ለደም ጉዳይ አበጋሮች የሚባሉ አስታራቂ ሽማግሌዎች አሉ፤ ለገንዘብ ግን የሰፈር ሽማግሌ ይበቃል። ሽማግሌ ሲመረጥ ከተበዳይ ወገን፣ ከበዳይ ወገን፣ አንድ ደግሞ ከሁለቱም ያልሆነ ይሁን። ዱዓው ወይም ምርቃቱ የሚደረገው መጨረሻ ላይ ነው፣ ልኩና ቀኑ ከተጻፈ በኋላ። ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው ሰው ቶሎ ተቃቅፎ ቁጥሩ ሳይነገር ሲለያይ ነው። በወሩ "እንዲህ አላልኩም" ይመጣል። አብሽሩ።

ሐረጎ

እናንተ ሰዎች፣ ማንም ለማንም ዋስ አይሁን፣ በቃ። ምሳሌ 22፥26-27 አልጋህን ከሥርህ ይወስዱብሃል ይላል። ይህ ሁሉ ወሬ ምን ያደርጋል?

ጦሳ ሥር

@ሐረጎ እንዲያ ቢሆን ይሁዳ ምን ይሁን? ዘፍጥረት 42ና 43ን ጎን ለጎን አስቀምጥ። ሁለት ወንድሞች ስለ ብንያም ዋስ ሊሆኑ ቀረቡ። ሮቤል (42፥37) "ባልመልሰው ሁለቱን ልጆቼን ግደል" አለ። አስበው፤ ልጁን ያጣ አያት ሁለት የልጅ ልጆቹን በገዛ እጁ ይግደል? የራሱ ባልሆነ ነፍስ ነው ዋስ የሆነው። ያዕቆብ እምቢ አለው፤ ትክክል ነው።

ይሁዳ (43፥9) "እኔ ዋስ እሆንለታለሁ፣ ከእጄ ፈልገው" ነው ያለው። ራሱን ነው ያስያዘው። ጊዜው ሲደርስ ደግሞ አልሸሸም፤ ምዕራፍ 44 ላይ ጽዋው በብንያም ስልቻ ሲገኝ ይሁዳ ወደ ፊት ቀርቦ "በብላቴናው ፋንታ እኔ ባሪያ ሆኜ ልቅር" አለ። ስለዚህ ነገሩ ዋስ መሆንና አለመሆን አይመስለኝም። ሮቤል ሲፈርም ቀኑ የሚደርስ አልመሰለውም። ይሁዳ ግን እንደሚደርስ አስቦ ነው የተናገረው። ዕብራውያን 7፥22 ኢየሱስን የሚሻል ኪዳን ዋስ ይለዋል፤ ከይሁዳ ነገድ መሆኑንም በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 14 ላይ ያነሣል። ዋስነትን ሙሉ በሙሉ ብንረግመው ይህን የት እናደርሰዋለን?

በተግባር ሲመጣ፦ ዛሬ ልኩ ሙሉ በሙሉ ቢጠየቅ ከፍዬ፣ ተቀይሜ ሳልኖር እችላለሁ? መልሱ አዎ ከሆነ ፈርም፣ ልኩን በአኃዝም በፊደልም ጽፈህ። ካልሆነ "የምሰጥህ 5,000 ብር አለኝ፣ ፊርማ ግን የለኝም" ማለት ይቻላል። ያ ስጦታ ነው፣ እንቅልፍ አይነሣም።

ሐረጎ

እሺ ሮቤልን አልተመለከትኩትም ነበር። ግን አሁንም አልፈርምም 😄

ሆጤ

ትንሽ ወጣ ልበልና፣ ስእለትስ? ሰው በጭንቅ ሰዓት "ልጄ ከዳነ በየዓመቱ ለግሸን ማርያም ይህን ያህል" ይላል። መስከረም 21 በደረሰ ቁጥር ተበድሮ የሚሄድ አለ። እሱም ሳያስቡ መናገር ነው።

ዘአይጠየፍ

ወጣ አላልክም። መክብብ 5፥4-6 ተስለህ ካለመፈጸም አለመሳል ይሻላል ይላል፤ "ስሕተት ነበረ" እያሉ መመለስንም ይከለክላል። ግን ዘሌዋውያን 27፥8ን ሰው አያነብም፦ የተሳለው ሰው ግምቱን ለመክፈል ድሀ ቢሆን ካህኑ ፊት ይቅረብ፣ ካህኑም እንደ ተሳለው ሰው አቅም ይገምተው። ስለዚህ መንገዱ አለ። በገዛ ሥልጣን ቀንሶ ዝም ማለት ወይም ተበድሮ መፈጸም አይደለም፤ ወደ ንስሐ አባት መሄድና አቅሙን በግልጽ መናገር ነው።

ክፉ ስእለት ግን አይፈጸምም። ዮፍታሔ የተሳለው ስእለት በልጁ ላይ መጣ። ሄሮድስ በመሐላው አፍሮ የዮሐንስን ራስ ቆረጠ፤ ማርቆስ "ስለ መሐላውና ከእርሱ ጋር ስለ ተቀመጡት" ይላል፣ የእንግዶቹን ዓይን ፈራ ማለት ነው። በሳኦል ጊዜ ግን ንጉሡ በሞኝ መሐላ ዮናታንን ሊገድል ሲል ሕዝቡ "አይሆንም" ብሎ አዳነው (1ኛ ሳሙ. 14፥45)። "ደጄን ከረገጥሽ ልጄ አይደለሽም" ብለው የማሉ እናቶችና አባቶች ይህን ቢያነቡት መልካም ነው። መሐላው ንስሐ ይፈልጋል እንጂ ፍጻሜ አይፈልግም።

ሮቢት

ሁለተኛ ጥያቄ አለኝ። የጠፋውን ልጅ ይቅር ማለት መክሰስ መተው ነው?

ቦርከና ማዶ

1ኛ ቆሮ. 6፥7 "ብትበደሉ አይሻላችሁምን?" ይላል፤ እኔ ወደ መተው አደላለሁ። ግን የራሱን ድርሻ ነው ሰው መተው የሚችለው፤ የሚስቱንና የልጆቹን ጉሮሮ አይደለም። ማቴዎስ 18፥15-17 ደግሞ ደረጃ አለው፤ ብቻህን ሂድ፣ ካልሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ፣ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን። እኛ ስንጀምር መጀመሪያ ለሰፈሩ ሁሉ፣ መጨረሻ ላይ ለሰውየው ነው የምንናገረው።

በዚያው ምዕራፍ አሥር ሺህ መክሊት የተተወለት ባሪያ 100 ዲናር ያለበትን ጓደኛውን አነቀ። ዲናር የአንድ ቀን ደመወዝ ነበር፤ 100 ዲናር ከሦስት ወር በላይ ሥራ ነው፣ ቀላል ገንዘብ አይደለም። የተወቀሰው ግን መጠየቁ ሳይሆን ማነቁ፣ "ታገሠኝ" ሲባል እምቢ ማለቱ ነው። ልጁ "ታገሱኝ፣ በወር ይህን ያህል" ካለ መቀበል ያስፈልጋል።

ዘአይጠየፍ

የጠፋው ልጅ ምሳሌም ላይ አባቱ የሰባውን ፊሪዳ አርዶ፣ ቀለበት አድርጎለት፣ ለታላቁ ግን "ለእኔ የሆነው ሁሉ የአንተ ነው" አለው። የባከነው ድርሻ እንደገና አልተከፈለም። ልጅነቱ ተመለሰ፣ ርስቱ አልተመለሰም። ጳውሎስም አናሲሞስን ወደ ፊልሞና ሲልክ "በደለኝ ካልህ በእኔ ላይ ቁጠር፣ እኔ እከፍላለሁ" ብሎ በገዛ እጁ ጽፏል (ቁ. 18-19)። ይቅርታ ሲለምን ዕዳውን አልካደም፣ ከፋዩን ነው የለወጠው።

ችሎት አካባቢ

ስለ መክሰሱ የሕጉን ልጨምር። ዋስ ከከፈለ በኋላ በጠያቂው ቦታ ተተክቶ ባለዕዳውን መጠየቅ ይችላል። ግን ደረሰኝ ያስፈልጋል፤ በእጅ ሰጥቶ "ተመሰጋገንን" ማለት አይበቃም። በባንክ ያስገባ፣ በምክንያቱ ቦታ "በእገሌ ዋስትና" ብሎ ያስጽፍ።

ልጁ ተመልሶ በሽምግልና ከታረቁ ስምምነቱ በአንድ ገጽ ያልቃል፦ የሁለቱ ሙሉ ስም ከነአያት፣ ዋሱ ለጠያቂው የከፈለው ልክ በአኃዝና በፊደል፣ ዋሱ በይቅርታ የተወው ልክ ለብቻው፣ ቀሪው፣ በየወሩ በስንት ቀን ስንት ብር እንደሚከፈል፣ አንድ ወር ቢዘል ምን እንደሚሆን፣ የሁለቱ ፊርማ፣ የሁለት ምስክር ፊርማ፣ ቀን። "የተተወውን" ለይታችሁ ካልጻፋችሁ በኋላ ላይ ሙሉው የተተወ ይመስላል፣ ወይም ምንም ያልተተወ። ከ180,000 ውስጥ 60,000 ተትቶ 120,000 ቢቀር፣ በወር 5,000 ሲሆን 24 ወር ይሆናል። ሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ ሽማግሌዎች ሦስተኛውን ቢይዙት አይከፋም።

እናት ዓለም ከቧንቧ ውሃ

ሚስትየዋም ምስክር ሆና ትፈርም።

ችሎት አካባቢ

ልክ ነዎት እትዬ። ግን ምስክር ሳይሆን ተስማሚ ሆና ትፈርም፤ የምትተወው ገንዘብ የእሷም ነውና።